በአንድ እጅ የሚወልቅ የራስ ቁር

የካ፣ ኅዳር 12 ቀን 1950 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ቀጀላ በዳዳ
ቦሎኛ፣ ኢጣልያ

ጋሼ፣ ጤናዎን ያብዛልኝ። የየካው ሚካኤል ባሉበት አይለይዎ። አባቴ ደህና ነው። እናቴ ሎሚ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ ደህና ነው። አባቴ ታናሽ ወንድሙ ጣልያን አገር የሞተር ብስክሌት ኮርቻና የራስ ቁር እንደሚሰፋ ላገኘው ሰው ሁሉ ስለሚያወራ፣ እርስዎን የማያውቅ ሰው እዚህ ሰፈር የለም።

የምሥራች አለኝ። መሥሪያ ቤታችን ለመልእክተኞች አራት ሞተር ብስክሌት ገዝቶ አንዱ ለእኔ ደረሰኝ። ጠዋት ከአራት ኪሎ ደብዳቤ ተቀብዬ በሾላ በኩል ኮተቤ እሄዳለሁ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ እንጦጦ ላይ ወዳለው የመንገድ ሠራተኞች ሰፈር እወጣለሁ። ሁለተኛው ሞተር ለአብሮ አደጌ ለሙክታር ነው፤ የሾላዋ የእትዬ ዘሊካ ልጅ፣ ያውቁታል፤ ያኔ እርስዎ ሲሄዱ ገና ጢም አላወጣም ነበር።

ምክርዎን ፈልጌ ነው። የኮተቤ አቧራ ዓይኔን ሊያጠፋው ነው፤ ምን ዓይነት መነጽር ይሻላል? ጓንቱስ የቆዳ ነው የሱፍ? ሙክታር ከፊት የሚተከል የንፋስ መስተዋት አምሮታል። ክላክሱ ድምፁ የጥጃ ነው፤ ሰው ከመንገድ ከመውጣት ይልቅ ዞር ብሎ ይስቅብኛል። እዚያ የከባድ መኪና ድምፅ ያለው ክላክስ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ባለ ሁለት ቀንድ የሚባለውም አለ፣ በእግር የሚጫኑትም አለ ይላሉ። ከእነዚህ የትኛው ነው የሚሻለው? ራሴን በአባቴ አሮጌ ባርኔጣ ነው የምሸፍነው።

ልጅዎ ዲንሳ ከበበ


ቦሎኛ፣ ታኅሣሥ 28 ቀን 1950 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለዲንሳ

እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ብርዱና የሰው አገር ቋንቋ ሲተባበሩብኝ ይከፋኛል እንጂ ደህና ነኝ። ወንድሜን ጉልበቱን ሳምልኝ፤ ለሎሚም ምላሷን ያቆይልን በልልኝ።

ደብዳቤህን ሳነብ ሳቅሁ። ስለ ክላክስ ይህን ሁሉ ጽፈህ ስለ ራስህ አንድ መስመር! ክላክስ የሚነፋ ሰው መጀመሪያ ራስ ሊኖረው ይገባል። አሁን ስማኝ። መነጽሩ ዳር ዳሩ በቆዳ የተለበጠ ይሁን፤ አቧራ የሚገባው በጎን ነው። ጓንቱ የቆዳ ይሁን፤ ሱፍ ዝናብ ከጠጣ ባዶ እጅ ይሻላል። የንፋስ መስተዋቱን ለእንጦጦ ቁልቁለት አልወደውም፤ ስትወድቅ ፊትህ ላይ የሚሰበረው እሱ ነው። መብራትህን በቀንም አብራ፤ አህያው ባያይህ ባለ አህያው ያይሃል። ቁልቁለት ስትወርድ ማርሹን ዝቅ አድርግ እንጂ ፍሬን ብቻ አትመን።

አንድ የራስ ቁር በመርከብ ልኬልሃለሁ፤ በእጄ የሰፋሁት ነው። ከአገጭህ ሥር ጠፍርና ዘለበት አለው። ለማሰርም ለመፍታትም ሁለት እጅ ይፈልጋል፤ እንዲያ የተደረገው ሆን ተብሎ ነው። ዘለበቱን ሳትቆልፍ ሞተሩን እንዳታስነሳ። ይህን ካላከበርክ ምክር ብለህ አትጻፍልኝ።

አጎትህ ቀጀላ


የካ፣ የካቲት 20 ቀን 1950 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ቀጀላ

እንደምን ከረሙ? እኛ ሁላችን ደህና ነን፤ ናፍቆትዎ ብቻ ነው። ቁሩ ደረሰ። ልክ ለራሴ የተሰፋ ነው! እናቴ መጀመሪያ ስታየው ድስት መስሏት ክዳኑ የታለ አለች።

ነገር ግን ጋሼ፣ ቁሩ ጣጣ አመጣብኝ። አባ ገረሱን ያስታውሷቸዋል፤ ከቤታችን በታች ከመንገዱ ዳር ውለው ያመሻሉ። ቁሩን አድርጌ ሦስት ቀን በፊታቸው አለፍኩ። ራሴን ዝቅ አድርጌያለሁ፤ ግን ማን ያየዋል? እሑድ ማኅበር ላይ ለአባቴ፣ «ከበበ፣ ልጅህ ሹመት አገኘ እንዴ? ብረት ደፍቶ እንደ በቅሎ ፊት ፊቱን እያየ ነው የሚያልፈን» አሉት፤ ሰው ሁሉ እየሰማ። አባቴ ሁለት ቀን አላናገረኝም። ሄጄ የአባ ገረሱን ጉልበት ስሜ ይቅርታ ጠየቅሁ።

ከዚያ ወዲህ ሽማግሌ ባየሁ ቁጥር እቆማለሁ፤ ጓንቴን አወልቃለሁ፤ በሁለት እጄ ዘለበቱን እፈታለሁ፤ ቁሩን አውልቄ እጅ እነሣለሁ፤ መልሼ አስራለሁ። ከቤታችን እስከ ሾላ አሥራ አንድ ሽማግሌ አለ። አለቃዬ በመዘግየቴ ማስጠንቀቂያ ጻፈብኝ። አሁን የቀረኝ ቁሩን ክንዴ ላይ አንጠልጥሎ መንዳት ነው፤ የማደርገውም እንዲያው ነው።

ጋሼ፣ ሰው እየነዳ በአንድ እጁ ብድግ አድርጎ ሰላም ብሎ የሚመልሰው ዓይነት አይሠራም? ካልተቻለ ግድ የለም።

ልጅዎ ዲንሳ


ቦሎኛ፣ መጋቢት 25 ቀን 1950 ዓ.ም.

ለዲንሳ

ሰላም ላንተ ይሁን። ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ተቆጥቼ ሦስት ቀን ብዕር አላነሣሁም። ቁር ክንድ ላይ ማንጠልጠል! ክንድህ ነው ወይስ ራስህ ነው ደብዳቤ የሚያነበው?

በአራተኛው ቀን ግን ነገሩን ሳስበው ሌላ ሆነብኝ። እዚህ አገር ስምንት ዓመቴ ነው። ከጎኔ ካለው ክፍል ማን እንደሚኖር አላውቅም፤ ደረጃ ላይ ስንገናኝ ግድግዳ ግድግዳውን ታክከን እንተላለፋለን። ቀጀላ ሰላም ሳይለኝ አለፈ ብሎ የሚቀየመኝ አንድ ሽማግሌ ቢኖረኝ እንዴት ደስ ባለኝ! አባ ገረሱም ከነቁጣቸው ናፈቁኝ።

ስለዚህ በምሳ ሰዓት ቁጭ ብዬ ሠራሁልህ። ዘለበቱን ትቼ በጠፍሩ ላይ ጠቅ የሚል የብረት አዝራር ተከልኩ። በአውራ ጣትህ ገፋ ስታደርገው ይከፈታል፤ ስትጫነው ይዘጋል። የምሠራበት ሱቅ ባለቤት ሽማግሌው አይቶት፣ «ይህ ለሠርግ እንጂ ለመንገድ አይሆንም» አለኝ። እኔም፣ «አንተ የካን አታውቀውም» አልኩት። ጠፍሩን ብቻ ልኬዋለሁ፤ ሾላ ካሉት ጫማ ሰፊዎች አንዱ የዱሮውን ነቅሎ ይስፋልህ። አባ ገረሱን ስታገኝ አንዱን ሰላምታ በእኔ ስም አድርገው።

አጎትህ ቀጀላ


የካ፣ ሰኔ 3 ቀን 1950 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ቀጀላ

እጅዎ ይባረክ! ጠቅ — ብድግ — «ጤና ይስጥልኝ አባ» — ጠቅ። ሞተሩ እንኳ አይቆምም። አባ ገረሱ በመጀመሪያው ቀን ከተቀመጡበት ተነሥተው መረቁኝ፤ የእርስዎ ሥራ መሆኑን ስነግራቸው ደግሞ፣ «ያ የበዳዳ ልጅ ባሕር ማዶ ሆኖም ሥርዓት አልረሳ» ብለው እርስዎንም መረቁ። አባቴ ይህን ቃል ሰኞ ሰምቶ እስከ እሑድ ሲደግመው ነበር።

ሙክታርም ቀንቶ ሊሞት ነው። የእሱ ሰፈር ሽማግሌዎች የባሱ ናቸው፤ ከሰላምታው ጋር የቤተሰቡን ጤና አንድ በአንድ ይጠይቁታል። እስካሁን ምንም ሳያደርግ በባዶ ራሱ ነው የሚነዳው። ሌሎቹ ሁለት ልጆችም ለምነውኛል። ቢቻልዎ ያስቡልን።

ልጅዎ ዲንሳ


የካ፣ ነሐሴ 24 ቀን 1950 ዓ.ም.
(ይህ ደብዳቤ ተጀምሮ አላለቀም፤ አልተላከምም)

ይድረስ ለጋሼ ቀጀላ

ጋሼ፣ እንዴት ብዬ እንደምጀምር አላውቅም። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ከእንጦጦ ስወርድ ጭቃው ወሰደኝና ወደቅሁ። መሬት ሳልነካ ቁሩ ከራሴ ላይ ወጣ። አልተሳሳትኩም፤ ከፊቴ እየተንከባለለ ሲሄድ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ራሴ ድንጋዩን ያገኘው ባዶውን ነው። አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆስፒታል ተኛሁ። አሁን በግራ ጆሮዬ አልሰማም፤ ሐኪሙም ይመለሳል አላለኝም።

አዝራሩ ነው ጋሼ። በትንሽ መጓተት ይከፈታል። እርስዎን ለመውቀስ አይደለም፤ የለመንኩዎት እኔ ነኝ። ግን ለሙክታርና ለሌሎቹ እንዳይሠሩ


የካ፣ ነሐሴ 26 ቀን 1950 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ቀጀላ

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሰዎ፤ ዘመኑን የጤናና የመገናኛ ያድርግልን። መልስ በማዘግየቴ ይቅርታ። ሐምሌ ላይ ትንሽ አንሸራትቶኝ ነበር፤ ጉዳቱ ይህን ያህል አይደለም። የላኩልኝ ቁር አዳነኝ። አባቴ እግዜር ይስጥልኝ ብሎልዎታል። እናቴ ስማዎታለች። ሞተሩ ተጠግኖ ሥራ ጀምሬያለሁ።

ልጅዎ ዲንሳ


ቦሎኛ፣ መስከረም 27 ቀን 1951 ዓ.ም.

ለዲንሳ

ተመስገን! «የላኩልኝ ቁር አዳነኝ» የምትለዋን ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት አልነግርህም። ደብዳቤህን ይዤ ሱቅ ሄድኩና ለባለቤቱ መስመር በመስመር ተረጎምኩለት። ለሠርግ ነው ያልከው አዝራር የወንድሜን ልጅ ከእንጦጦ ድንጋይ አተረፈው አልኩት። ሽማግሌው እጄን ጨበጠኝ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሲጨብጠኝ ይህ የመጀመሪያው ነው።

እኔ ልጅ የለኝም ዲንሳ። ከዚህ ከሞላ መሣሪያና ቆዳ መሐል ለወገኔ የሚጠቅም አንድ ነገር ከእጄ ወጣ ብዬ አለቀስኩ፤ ለሎሚ ግን አትንገራት፣ ትስቅብኛለች።

ለሙክታርና ለጓደኞቻችሁ አራት ሙሉ ቁር ልኬያለሁ፤ አራተኛው ለመጠባበቂያ ነው። አራቱም ባለ አዝራር ናቸው።

አጎትህ ቀጀላ


የካ፣ ኅዳር 29 ቀን 1951 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ቀጀላ

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ሁላችን ደህና ነን። አራቱ ቁር ደርሷል። አንዱን ሙክታር ወስዷል፤ አመስግኖዎታል። የቀሩት እኛ ቤት ናቸው።

ጋሼ፣ ያ የዱሮው ዘለበት እንዲያው ለመሆኑ ጠንካራ ነበር? ለማወቅ ያህል ነው።

ልጅዎ ዲንሳ


ቦሎኛ፣ ታኅሣሥ 30 ቀን 1951 ዓ.ም.

ለዲንሳ

እንኳን ለልደት በደህና አደረሳችሁ። ደብዳቤህ አጠረብኝ። ታመህ እንደሆነ ንገረኝ፤ ፍቅር ይዞህ እንደሆነም ንገረኝ፤ ለሁለቱም ምክር አላጣም። ስለ ዘለበት ደግሞ ምን አሳሰበህ? የተሻለውን ይዘህ ያለፈውን አትናፍቅ።

ትልቅ ወሬ አለኝ። ባለቤቱ ያንተን ነገር ለአንድ ነጋዴ አጫውቶት፣ ነጋዴው ባለ አዝራሩን ስድሳ አዘዘ። ለሐኪሞችና ለፖስተኞች ነው አሉ፤ ቶሎ ቶሎ ማውለቅ ለሚበዛባቸው። የሥራው ኃላፊ እኔ ነኝ። ሃያ ሁለቱ አልቀው ሄደዋል፤ የቀረው ከፋሲካ በፊት ይደርሳል። ምስክሬ ያንተ ደብዳቤ ነው፤ ከሥራ ጠረጴዛዬ በላይ በምስማር ሰቅዬዋለሁ።

አጎትህ ቀጀላ


የካ፣ ጥር 26 ቀን 1951 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ቀጀላ

ቴሌግራሜ ደርሶዎት እንደሆነ ሥራውን አቁመዋል፤ ካልደረሰዎት ይህን እንዳዩ ያቁሙ። አዝራሩ አይይዝም። ደብዳቤዬንም ከምስማሩ ላይ ያውርዱት፤ ውሸት ነው።

ሙክታር ሞተ። ጥር 20 ቀን ከኮተቤ ሲመለስ ጎማው ድንጋይ አግኝቶ ጣለው። አብሮት ምንም አልነበረም፤ መኪና አልገጨው፣ ዝናብ የለ። የላኩለት ቁር ከቦዩ ውስጥ ተገኘ። አንሥቼ አየሁት፤ ጭረት እንኳ የለበትም። ጠፍሩ ተከፍቷል።

እኔ አውቅ ነበር። በሐምሌ የወደቅሁ ጊዜ የእኔም እንዲሁ ነው የወጣው፤ ግራ ጆሮዬ እስከ ዛሬ አይሰማም። ነሐሴ ላይ እውነቱን ልጽፍልዎ ጀምሬ ነበር። አባቴ ምን ጻፍክ ብሎ እንዳነብለት አዘዘኝ። እስከ መሐሉ ሰማና ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ፣ «ሰው አገር ብቻውን ተቀምጦ ይህን ሊያነብ ነው? በምሳው ሰዓት ሰፍቶ በሰጠህ እጅ ላይ እንዲህ ይተፋል?» አለኝ። እኔም በልቤ እውነቱን ነው አልኩ። አባቴ ላይ አላሳብብም፤ ወረቀት ሌላም ነበረ፣ ፖስታ ቤቱም ቅርብ ነው። አፈርኩ እንጂ።

አራቱ ቁር ሲመጣ አልጋ ሥር ደበቅሁት። ሙክታር መምጣቱን ሰምቶ ቤት ድረስ መጣ፤ አባቴም አባ ገረሱም ባሉበት «የጋሼ ቀጀላን ስጦታ አምጣልኝ» አለ። በእነሱ ፊት ይህ ይገድልሃል እንዴት ልበል? አወጣሁና ሰጠሁት። ስሸኘው በር ላይ፣ «አገጭህ ሥር በገመድ ደግመህ እሰረው» አልኩት። «እንግዲያ አዝራሩ ምን ሊሠራልኝ?» ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። የነገርኩት ያንኑ ብቻ ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለውን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ነው ያደግኩት። የሚቃጠለው ሰው መሆኑን ግን አላሰብኩም።

ዲንሳ


ቦሎኛ፣ የካቲት 24 ቀን 1951 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለዲንሳ

ቴሌግራሙ ደርሶኛል። የመጀመሪያውን ቀን ምንም አልገባኝም፤ አዝራር አትሥራ ይላል። ቢሆንም አቆምኩ። ደብዳቤህ ሲመጣ ገባኝ።

ለባለቤቱ በአፌ ነገርኩት። የተላኩት ሃያ ሁለት ቁሮች እንዲመለሱ ጻፈ፤ አሥራ ሰባቱ መጥተው ጠፍራቸውን በምላጭ ቆርጬ ጣልኩ። አምስቱ የት እንዳሉ አይታወቅም። መንገድ ላይ ሞተር በሰማሁ ቁጥር የጋላቢውን አገጭ ነው የማየው። እኔን ከቁር ሥራ አንሥቶ ኮርቻ መስፋት ላይ አድርጎኛል፤ ልክ ነው።

አሁን አንተ የማታውቀውን ልንገርህ። ያን አዝራር የሠራሁ ቀን ጠረጴዛ ላይ አስሬ ሳብኩት። በመጀመሪያው ያዘ። በሁለተኛው ተከፈተ። ሦስተኛ አልሞከርኩም። አጥብቄ ልሥራው ብል የምሳው ሰዓት ይበቃኝ ነበር፤ ጠንከር ያለ አዝራርም መሳቢያው ውስጥ ነበረ፤ ግን እሱ በአንድ ጣት አይከፈትም። እኔ የፈለግሁት የአባ ገረሱን ምርቃት ነው። ከዚህ ሆኜ የካ ላይ ሰላም የሚል እጅ ሊኖረኝ አማረኝ። «ቁሩ አዳነኝ» የሚለው ደብዳቤህ ሲመጣ ያችን ሁለተኛ መሳብ ረሳኋት፤ ማለት ረሳኋት ብዬ ራሴን አታለልኩ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

ስለዚህ ጥፋቱን ብቻህን አትሸከመው። ግን ያዘንክልኝ እኔ ነኝና ይህን እወቅ፦ ሐዘኔታህ ጎዳኝ። ጆሮህን እንዳጣህ ጽፈህልኝ ቢሆን ስንት ቀን አለቅስ ነበር፤ ከዚያ እነሣና ዘለበት እሰፋ ነበር።

አንድ ነገር ልለምንህ። ለቅሶ ደርሰህ ዝም ብለህ እንደተመለስክ አላጣውም። ወደ ዘሊካ ተመለስ። ማን እንደሠራው፣ ማን እንዳወቀ፣ ማን ዝም እንዳለ ንገራት። ስሜን ሳታለሳልስ ጥራ።

አጎትህ ቀጀላ


የካ፣ መጋቢት 20 ቀን 1951 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ቀጀላ

እግዚአብሔር ያጽናዎ፤ እኛንም ያጽናን። እንዳዘዙኝ አደረግሁ። የራሴንና የቀሩትን ሦስቱን ቁር ጠፍራቸውን አስነቅዬ ዘለበት አስገባሁላቸው። አባ ገረሱን፣ «ከእንግዲህ እየነዳሁ አላወልቅም፤ ሲሻዎ ይቀየሙኝ» ብያቸዋለሁ። ተቀይመውኛል።

ባለፈው ዓርብ ሾላ ሄድኩ። አባቴ ሳልጠይቀው ተከትሎኝ መጣ። እትዬ ዘሊካ ከቤቷ ደጃፍ ተቀምጣ አገኘናት። ገና ሳንናገር ለአባቴ መቀመጫ ለቀቀች፤ ውሃ አስመጣች፤ የእናቴን ጉልበት ጠየቀች። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት። የእርስዎን ስም ጠራሁ፤ ሁለተኛውን መሳብም ነገርኳት። የእኔን ውድቀት፣ ያልተላከውን ደብዳቤ፣ በር ላይ መሳቄን ነገርኳት። አባቴ «አትጻፍ ያልኩት እኔ ነኝ» ብሎ አቀረቀረ።

አላለቀሰችም፤ አልጮኸችም። ብትጮህብኝ እንዴት በወደድኩ። በሚሰማው ጆሮዬ በኩል ዞራ ተቀመጠች። እንዲህ አለችኝ፦

«ለአጎትህ አዘንክለት። ለአባትህ ታዘዝክ። ለሽማግሌው ቆብህን አወለቅክ። ለሁሉም ጨዋ ሆንክ ልጄ። ምናለ ለእኔ ልጅ አንዲት ቀን ባለጌ ብትሆንለት?»

 እርስዎ መልስ ካለዎት ይጻፉልኝ፤ ወስጄ እነግራታለሁ።

ልጅዎ ዲንሳ ከበበ